ከመፍቻው በፊት፦ የመኪና ቴፕ ገጠማን እንዴት እንማር?

የዛሬው ዝግጅታችን የመኪና ቴፕና ስፒከር ገጠማ መማር ለምትፈልጉ የሲሪንቃ፣ የመርሳና የወልድያ ወጣቶች ነው። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚሄደው አስፋልት በሲሪንቃ ስለሚያልፍ ባጃጁም፣ ሚኒባሱም፣ አይሱዙውም ደጃችሁ ነው።

ብዙው ልጅ ይህን ሙያ የሚማረው የመኪና ኤሌክትሪሺያን ዘንድ ገብቶ፣ ዕቃ እያቀበለና እያየ ነው። እጅን ለማፍታታት ከዚህ የሚሻል የለም። ነገር ግን ምክንያቱን ሳያውቅ የለመደ፣ የለመደው መኪና ሲቀየርበት ግራ ይጋባል።

አይሱዙን እንይ። ባጃጅና ሚኒባስ በ12 ቮልት ይሠራሉ። የጭነት አይሱዙ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ባለ12 ቮልት ባትሪ በተከታታይ ተያይዞለት በ24 ቮልት ነው የሚሠራው። ለቤት መኪና የተሠራ ቴፕ በቀጥታ ከተሰጠው ይቃጠላል። ይህን የሚያውቁ አንዳንድ ሠራተኞች ከሁለቱ ባትሪ ከአንዱ ብቻ 12 ቮልት ይስባሉ። ቴፑ ይሠራል፤ ሾፌሩም አመስግኖ ይሄዳል። ዳሩ ግን የሚሳብበት ባትሪ ሁልጊዜ እንደጎደለ ይቀራል፣ ሌላው ከልክ በላይ ይሞላል፣ ሁለቱም ያለጊዜያቸው ያረጃሉ። መኪናው አንድ ቀን ጠዋት አልነሳ ሲል ቴፑን የሚጠረጥር አይገኝም። ትክክለኛው አሠራር 24ን ወደ 12 ቮልት የሚያወርድ ኮንቨርተር ማስገባት ነው።

የአምፕሊፋየር ሽቦና ፊውዝ የሚመረጥበት ሒሳብም ከባድ አይደለም። ዋትን ለቮልት ስታካፍሉ አምፔር ታገኛላችሁ። 300 ዋት ለ12 ሲካፈል 25 ነው። አምፕሊፋየሩ ከወሰደው ከፊሉን ወደ ሙቀት ስለሚለውጥ፣ 300 ዋት ለማውጣት እንደ ዓይነቱ እስከ 40 አምፔር ሊስብ ይችላል። የሽቦው ውፍረትና ፊውዙ የሚመረጡት በዚህ ቁጥር ነው። ፊውዙን ከባትሪው ከአንድ ክንድ ሳታርቁ አስቀምጡ። እሱ የሚጠብቀው ሽቦውን ነውና፣ አምፕሊፋየሩ ጋ ከተቀመጠ መንገድ ላይ ያለው ሽቦ ተልጦ ቆርቆሮ ቢነካ እሳት ይነሳል።

በሰው መኪና ከመጀመራችሁ በፊት ጠረጴዛ ላይ ተለማመዱ። ያገለገለ ቴፕ፣ ሁለት ስፒከር፣ ባለ12 ቮልት ባትሪና መልቲሜትር ይበቃል። በአብዛኛው ቴፕ ቢጫው ሽቦ ከባትሪ በቀጥታ፣ ቀዩ በቁልፍ በኩል፣ ጥቁሩ ወደ ኔጋቲቭ ነው። ቢጫውንና ቀዩን ሆን ብላችሁ አቀያይሩ፤ የቁልፉ መስመር በተቋረጠ ቁጥር ቴፑ የያዘውን ጣቢያና ሰዓት ሲረሳ ታያላችሁ። መኪና ላይ ስትገቡ ደግሞ ኔጋቲቩ የሚታሰርበትን ቦታ ቀለም እስከ ብረቱ ፋቁ። ዘፈኑ እየጮኸ በአምፕሊፋየሩ ኔጋቲቭና በባትሪው ኔጋቲቭ መካከል ለኩ፤ ግማሽ ቮልት ካሳየ ኔጋቲቩ አልያዘም። ሞተር ሲነሳ ከስፒከሩ የሚወጣው ፉጨት ብዙ ጊዜ ከዚሁ ነው፤ እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምፈትሸውም እሱን ነው።

የአገራችን የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና 70 በመቶው ተግባር፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳብ እንዲሆን ታስቦ የተቀረጸ ነው። ስለዚህ ጋራዥ የምትውሉም ብትሆኑ በአቅራቢያችሁ ኮሌጅ የመኪና ኤሌክትሪክ ሥልጠና መኖሩን ጠይቁ፤ ለብቃት ምዘናውም ተዘጋጁ። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ስለተከለከለ የኤሌክትሪክ መኪና ወደ እናንተም መምጣቱ አይቀርም። የእሱም ቴፕ በአብዛኛው የሚሠራው በ12 ቮልት ነው። ብርቱካናማ ቀለም ያለውን ወፍራም ገመድ ግን ሳትሠለጥኑ በፍጹም እንዳትነኩ፤ ይገድላል።