ፎቶውን መጀመሪያ የሚያየው ማን ነው?

የዛሬ የፎቶግራፍና የፊልም ተመራቂዎች፣

አንድ ጥያቄ ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ያነሣችሁትን ፎቶ መጀመሪያ የሚያየው ማን ነው? አዘጋጁ? የውድድር ዳኛው? ወይስ ፎቶው ላይ ያለው ሰው? ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ የመጨረሻው ነው።

ጥቅምት 1977 ዓ.ም. ካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸውና ጋዜጠኛው ማይክል በርክ የተረከው የቢቢሲ የረሃብ ዘገባ ዓለምን አስደነገጠ። እርዳታ ጎረፈ፤ ብዙ ሰው ተረፈ። ይህን ማንም ሊያሳንሰው አይገባም። ነገር ግን ጎሕ ሲቀድ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የታየው ሕዝብ ለአብዛኛው ተመልካች ስም አልነበረውም። ማን ገበሬ፣ ማን ሸማኔ እንደሆነ የጠየቀ ጥቂት ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ኢትዮጵያ ሲባል ስም የለሹ ፊት ቀድሞ ይታወስ ነበር።

እኛስ በራሳችን ወገን ላይ ምን አደረግን? ደቡብ ኦሞ ውስጥ ጎብኚው መኪናውን ያቆማል፣ የሙርሲ ሴቶችን የከንፈር ሸክላ ያነሣል፣ በፎቶ ቆጥሮ ይከፍላል፣ ይሄዳል። ሙርሲዎቹም ገንዘብ የሚያስገኘውን ስላወቁ በአዘቦት ቀን የማያደርጉትን ጌጥ ለካሜራው ይደራርባሉ። ያንን ፎቶ ደግሞ እኛው ባህላችን ብለን ግድግዳ ላይ እንሰቅለዋለን። እውነቱን ለመናገር ይህ ያሳዝነኛል። ደግነቱ ኦሊሳራሊ ኦሊቡይ የተባለ የሙርሲ ልጅ ካሜራውን ራሱ አንሥቶ፣ ከቤን ያንግ ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ ወገኖቹ ፊልም ሠርቷል። ፈልጋችሁ እዩት።

ሁልጊዜ የማስበው ግን አሜሪካዊውን ፎቶ አንሺ ጎርደን ፓርክስን ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ዋሽንግተን ሲደርስ ጥቁር በመሆኑ ምግብ ቤትም ሲኒማ ቤትም አላስገባ አሉት። በሚሠራበት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወለል የምትጠርግ ኤላ ዋትሰን የምትባል ሴት አገኘ። ካሜራውን ከማንሣቱ በፊት ስለ ኑሮዋ ጠየቃት። ከዚያ ከመጥረጊያና ከመወልወያዋ ጋር በአሜሪካ ባንዲራ ፊት አቆማት። ዓለም የሚያውቀው ይህንን ፎቶ ነው። እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው፤ አለቃው ሮይ ስትራይከር ሥራውን ቀጥል ብሎት ለሳምንታት ተከተላት። ቤቷ ገባ፣ የምታሳድጋቸውን የልጅ ልጆቿን አነሣ፣ አብሯት ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ቢሮ ጠራጊዋ አያት ሆነች፣ ምእመን ሆነች፣ ጎረቤት ሆነች።

የኛዋ ፎቶ አንሺ አይዳ ሙሉነህም በ2018 እ.ኤ.አ. ዳሎል ላይ የውኃ ችግር በሴቶች ጫንቃ ላይ የሚጥለውን ሸክም ስታሳይ እንባ አልፈለገችም። ፊታቸውን በቀለም አስውባ፣ ደማቅ ልብስ አልብሳ በኩራት አቆመቻቸው። ያየ ሁሉ ከማዘኑ በፊት ያከብራል።

እናንተም ነገ ስትወጡ የምታነሡትን ሰው ስሙን ከራሱ አፍ ስሙ። ምስሉን እዚያው ካሜራው ላይ አሳዩት፤ «ይሄ እኔን አይመስልም» ካለ እመኑት። መስማት የተሳናትን ሴት ስታነጋግሩ አስተርጓሚ ይዛችሁ ሂዱ እንጂ ስለ እሷ ወንድሟን አትጠይቁ። ሸክላ ሠሪዋን ስታነሡ ደግሞ ጭቃ የነካ እጇን ብቻ አታሳዩ። በሙያዋ ስትናቅ የኖረችው እሷ ናት፤ ማሰሮዋን ገዝተን ፊቷን ካስቀረን ንቀቱን ቀጠልንበት ማለት ነው። አዎ፣ ጊዜ ይወስዳል። አዘጋጁም ለዛሬ ማታ አድርስ ይላል። ቢሆንም ተከራከሩ።

ለትምህርት ቤቱ ኃላፊዎችም አንድ ልመና አለኝ። ለመስክ ሥራ በጀት ስትይዙ የአንድ ጉዞ ብቻ አትያዙ። ፎቶው ታትሞ ለባለቤቱ የሚደርስበት ሁለተኛ ጉዞ ይያዝ፤ ተማሪውም ባለቤቱ ያለውን ሰምቶና ጽፎ ሲመለስ ውጤት ይሰጠው። ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሩት።