ጉዳቱ በዓይን፣ አደጋው በሆድ፦ ዓይኗ የተጎዳ ጊኒ ፒግን ስለ ማስታመም



በፋኩልቲያችን ስለ ዓይን ሕመም ሲነሣ ወደ ልቡናችን የሚመጡት ከብት፣ በግና ፈረስ ናቸው። ተገቢም ነው። የዛሬው ንግግሬ ግን ክብደቷ ከ1 ኪሎ ግራም ብዙም ስለማይበልጥ እንስሳ ነው። ጊኒ ፒግን አብዛኞቻችን የምናውቃት ከቤተ ሙከራ ነው፤ በአንዲስ ተራሮች ግን ለሺህ ዓመታት ለምግብ ስትረባ የኖረች፣ በአውሮፓም የልጆች ጓደኛ የሆነች እንስሳ ናት።

እኔ ያስታመምኳት በስዊዘርላንድ ለትምህርት ሳለሁ ቤት ያከራየኝ ቤተሰብ ልጆች የሚያሳድጓትን ነው። የአገሪቱ ደንብ ጊኒ ፒግን ብቻዋን ማኖር ስለሚከለክል ሁለት ነበሩ። አንድ ማለዳ የአንደኛዋ ግራ ዓይን ጠቦ እንባ ሲያወርድ አገኘነው። መንስኤው የድርቆሽ ስንጥር ነበር። ድርቆሽ ለጊኒ ፒግ ዋና ምግቧ ነው፤ ዕድሜ ልኩን የሚያድገው ጥርሷም የሚሞረደው በእርሱ ነው። ይሁንና ፊቷን በድርቆሹ ውስጥ ቀብራ ስለምትበላ፣ ዓይኗም ጎላ ያለና እምብዛም የማይርገበገብ በመሆኑ፣ የሚመግባት ነገር መልሶ ይወጋታል።

እዚህ ላይ ጀማሪን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። ጊኒ ፒግ ፊቷን ስታጸዳ ከዓይኗ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ታወጣለች፤ በፊት እግሮቿም አሽታ ትታበስበታለች። ከሁለቱም ዓይን ወጥቶ ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ጤና ነው። ከአንድ ዓይን ብቻ የሚወርድና ጠጉሩን የሚያጣብቅ ዐይናር፣ የዓይን መጥበብ፣ በብሌኑ ላይ የሚታይ ደመና ግን የዚያኑ ዕለት ወደ ሐኪም የሚያስኬድ ምልክት ነው።

ሐኪሟ የፍሎረሲን ቀለም ጠብ አድርጋ በሰማያዊ ብርሃን ስትመለከት የኮርኒያው ቁስል አረንጓዴ ሆኖ በራ። ከዓይን ቆቡ ሥርም ስንጥሩን አወጣች። ይህ ምርመራ ቀላል ነው፤ ሳያደርጉት ጠብታ መስጠትን ግን እኔ ቁማር እለዋለሁ። በየቤቱ መሳቢያ ከሚገኙት የዓይን ጠብታዎች መካከል ዴክሳሜታዞን ያለባቸው አሉና። ቅላቱን ስለሚቀንሱ ዓይኑ የተሻለው ይመስላል፤ ቁስል ካለ ግን መዳኑን ያዘገያሉ፣ ኮርኒያው እስከ መበሳትም ሊደርስ ይችላል።

ከዚህ በኋላ የልጆቹ ጭንቀት ሁሉ በዓይኗ ላይ ነበር፤ እኔ ደግሞ በየማለዳው የፍግ ፍሬ እቆጥር፣ በማድ ቤት ሚዛን እመዝናት ነበር። ጊኒ ፒግ ሕመም ሲበረታባት መብላት ትተዋለች፤ መብላት ስትተው የአንጀቷ እንቅስቃሴ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ሕይወቷን የሚነጥቃት ዓይኗ ሳይሆን ሆዷ ነው። አንድ ሙሉ ቀን አለመብላቷ እንኳ አስቸኳይ ጉዳይ ነው። ስለዚህ የተፈጨ መኖዋን በውኃ አላልተን፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በአፏ ጎን በየጥቂት ሰዓቱ ሌሊቱን ጭምር ሰጠናት። የታዘዘላት የሕመም ማስታገሻም ቀላል ድርሻ አልነበረውም፤ በሦስተኛው ቀን በራሷ ድርቆሽ መንጨት ጀመረች።

በመድኃኒት ረገድ ደግሞ ከሌሎች እንስሳት የለመድነው አይሠራም። አሞክሲሲሊን፣ አምፒሲሊንና ክሊንዳማይሲን በአፍ ሲሰጧት በአንጀቷ የሚኖሩትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ያጠፋሉ፤ በምትካቸው የሚራቡት መርዝ አመንጭተው በጥቂት ቀናት ሊገድሏት ይችላሉ። በዓይኗ ላይ የምንቀባው ቅባትም ፊቷን ስታጸዳ አፏ መግባቱ ስለማይቀር ሐኪም የመረጠው መሆን አለበት።

ቫይታሚን ሲን በሰውነቷ መሥራት አለመቻሏ ደግሞ ከእኛ ጋር ያመሳስላታል። እ.ኤ.አ. በ1907 የኖርዌይ ተመራማሪዎች አክሰል ሆልስትና ቴዎዶር ፍሮሊክ በእህል ብቻ በመገቧቸው ጊኒ ፒጎች ላይ ስከርቪ እንደሚከሠት አሳይተዋል። ቁስልን የሚጠግነው ኮላጅን ያለዚህ ቫይታሚን በወጉ አይሠራም። በጤናዋ ጊዜ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 10 ሚሊ ግራም ገደማ ይበቃታል፤ ስትታመም እስከ 30 ይደርሳል። በመጠጥ ውኃዋ ውስጥ መጨመሩ ብዙም አይመከርም፤ ቶሎ ይበላሻልና። እኛ የማያቃጥል ቀይ ቃሪያ እንሰጣት ነበር፤ ጓደኛዋም ከአጠገቧ ሆና ስለምትሻማት የምግብ ፍላጎቷን ሳታነሣሣው አልቀረችም።

በሰባተኛው ቀን ቀለሙ ሲደገም የሚበራ ነገር አልታየም፤ የቀረው አነስተኛ ጠባሳ ነው። ቁስሉ በዚህ ጊዜ ውስጥ ካልዳነ ግን ጠብታ ከመቀየር በፊት አፏን መርምሩ። የላይኛው መንጋጋ ጥርሶች ሥር ከዓይን ጉድጓድ ጋር ስለሚቀራረብ፣ የዓይን የሚመስለው ሕመም አንዳንዴ የጥርስ ነው። ዓይኑን ማውጣት ግድ ቢሆንም እንኳ በማሽተት፣ በመስማትና በጢሟ እየዳሰሰች በአንድ ዓይን ደኅና ትኖራለች፤ ይህን ለባለቤቶቹ ከቀዶ ሕክምናው አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልቀበል።