በካሴት ላይ የተጻፈ ስም



ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ አንድ የሙዚቃ ባንድ ነው። ባንድ ማለት መሣሪያ ይዘው በኅብረት የሚጫወቱ ሰዎች ቡድን ማለት ነው። «ይህ ለገበሬ ምን ይረባዋል?» የሚል ይኖር ይሆናል። እስቲ እስከ መጨረሻው ስሙን። ዓመቶቹን የምንቆጥረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ባንዱ ዋልያስ ይባላል። ስሙ የተወሰደው በሰሜን ተራሮች ከሚኖረው ከዋልያ ነው። ወጣቶቹ በ1970ዎቹ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ይጫወቱ ነበር። ጊዜው የሰዓት እላፊ ጊዜ ነው፤ ማታ የገባ እንግዳ ሳይነጋ አይወጣም። ሙዚቃውም እስኪነጋ ይቀጥላል።

ኦርጋን የሚጫወተው ኃይሉ መርጊያ ነበር። ተወልዶ ያደገው በሸዋ ነው። በልጅነቱ አዲስ አበባ መጣ፤ ገና በ14 ዓመቱ የጦር ሠራዊቱ ሙዚቃ ክፍል ገባ። ዋልያሶች የፈረንጅ መሣሪያ ይዘው የአገራቸውን ዜማ ይጫወቱ ነበር። በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን ሸክላ አወጡ።

በ1981 ባንዱ ከማሕሙድ አህመድ ጋር ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ከፊሎቹ ተመለሱ። ኃይሉና ጥቂት ጓደኞቹ ግን እዚያው ቀሩ። ዝናው ወዲያው መጣ እንዳትሉ! ሊያዳምጧቸው የሚመጡት አብዛኞቹ በስደት ያሉ ወገኖቻቸው ነበሩ። በ1985 ኃይሉ ብቻውን በአኮርዲዮንና በኤሌክትሪክ ኪቦርድ አንድ ካሴት ቀረጸ። ኋላ ግን በዋሽንግተን የታክሲ ነጂ ሆነ። ተሳፋሪ እስኪመጣ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ በትንሽ ኪቦርድ ይለማመድ ነበር። ሥራው ተረሳ፤ እሱ ግን እጁን አላስረሳም።

ብዙ ዓመት አለፈ። ብሪያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር መጥቶ ያንን ካሴት ገዛ። ሰምቶ ተደነቀ። የተጫዋቹን ስም ይዞ ፈለገውና አገኘው። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታተመ። የታክሲ ነጂው በአውሮፓና በአሜሪካ መድረክ ላይ ተጫወተ። በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ ሥራ አወጣ።

እንግዲህ ልብ እንበል። ስሙ ባይጻፍ ኖሮ ያ ሰው ማንን ብሎ ይፈልግ ነበር? በመቱ፣ በጎሬ፣ በበደሌ ስንት ዜማ አለ? ቡና ሲለቀም የሚዘፈን አለ፤ ሠርግ ላይ የሚዘፈን አለ፤ ገረርሳ አለ። ያወጣው ማነው ቢባል ግን «የድሮ ሰው ነው» ከማለት በቀር መልስ የለም።

ስለዚህ አሁን ፊደል ቆጥራችኋልና ጻፉ። በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ፣ የሽማግሌዎቻችሁን ዘፈን ከነስማቸውና ከነቀበሌያቸው ጻፉ። ዘፈን የሚቀርጽ ሰው ከመጣም ወረቀቱን ሳታነቡ አትፈርሙ። ድሮ በጣት አሻራ የሄደው ይበቃል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል።