ቤንዚንና ቤንዞል፦ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ፈሳሾች



በአማርኛ ቤንዚን ሲባል ሰሚው ሁሉ የሚያስበው የመኪና ነዳጅን ነው። በኬሚስትሪ ትምህርት ግን በዚሁ ስም የሚጠራ ሌላ ፈሳሽ አለ፤ ይኸውም ስድስት የካርቦንና ስድስት የሃይድሮጂን አቶሞች ያሉት፣ በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላ፣ በ5.5 ዲግሪ የሚረጋ፣ መልክ የሌለው ፈሳሽ ነው። የመኪናው ቤንዚን የብዙ ውህዶች ድብልቅ ሲሆን፣ ይህኛው ራሱን የቻለ አንድ ውህድ ነው። ጀርመኖች የፊተኛውን ቤንዚን፣ የኋለኛውን ቤንዞል ብለው ስለለዩ፣ በዚህ ንግግር የእነርሱ አጠራር ተወስዷል።

የስሙ ምንጭ ዕጣን ነው። የዐረብ ነጋዴዎች ከሱማትራ የሚመጣውን ሙጫ ሉባን ጃዊ፣ ማለት የጃቫ ዕጣን፣ ይሉት ነበር። አውሮፓውያን የመጀመሪያዋን ቀለም ከስም ፊት የምትገባ መነሻ አድርገው ጣሏትና ቃሉ ቤንዞይን ሆነ፤ ከሙጫው የተገኘውም አሲድ ቤንዞይክ ተባለ። በ1833 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሚቸርሊኽ ይህን አሲድ ከኖራ ጋር አሙቆ ያገኘውን ፈሳሽ ቤንዚን አለው። ሊቢኽ በበኩሉ ቤንዞል የሚለውን መረጠ። እንግሊዞች ግን «ኦል» የሚለው መድረሻ የአልኮል ምልክት ነው በማለት ሌላ መድረሻ ሰጡት፤ ተቃውሟቸውም ከንቱ አልነበረም። ፈሳሹን ራሱን ፋራዴይ ቀደም ብሎ በ1825 ከመብራት ጋዝ ዝቃጭ ለይቶት ነበር። ቤንዚን የሚለው ስም በኋላ ከድፍድፍ ዘይት ለሚወጣው ነዳጅ ተሰጠ፤ አማርኛም ቃሉን የወረሰው በዚህ ትርጉሙ ነው።

የአቶሞቹን አቀማመጥ በ1865 ኬኩሌ በቀለበት ገለጸ። ቀለበቱ ጠፍጣፋ መሆኑን ካትሊን ሎንስዴል በ1929 በኤክስሬይ አረጋገጠች።

ቤንዞል ዛሬ ይበልጡን የሌሎች ነገሮች መነሻ ነው። ትልቁ ድርሻ ወደ ስታይሪን ተለውጦ ፕላስቲክ ይሆናል፤ ከቀረውም ፊኖል፣ አሴቶን፣ አኒሊንና የናይለን ጥሬ ዕቃ ይወጣሉ። ቀድሞ ግን ስብና ጎማ ስለሚያሟሟ እንዲሁ በግልጽ ዕቃ ይሠራበት ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የብሬመኑ ነጋዴ ሮዜልዩስ ካፌይንን ከቡና ያወጣው በቤንዞል ነበር፤ ቡና ለለመደ ሰው የሚያስደነግጥ ነገር ነው።

ጉዳቱ መቅኔ ላይ ነው። ደም የሚሠራበትን ክፍል ያዳክማል፣ ሲውል ሲያድርም የደም ካንሰር ያመጣል። በ1974 የቱርኩ ሐኪም ሙዛፈር አክሶይና ባልደረቦቹ ቤንዞል ባለበት ሙጫ ይሠሩ በነበሩ ጫማ ሠሪዎች ላይ የታየውን የደም ካንሰር በጽሑፍ አቀረቡ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ከዚያ ቀደም ብሎ በ1971 ባወጣው 136ኛው ስምምነት ተተኪ በተገኘበት ሁሉ በቤንዞል እንዳይሠራ፣ ሠራተኛውም ከእንፋሎቱ እንዲጠበቅ ደንግጓል።

እዚህ ላይ የስሙ ነገር ይመለሳል። የመኪናው ቤንዚንም በውስጡ ጥቂት ቤንዞል አለበት፤ የአውሮፓ ኅብረት ከ2000 ጀምሮ ከመቶ አንድ እንዳይበልጥ ወስኗል። መካኒኩ እጁን በቤንዚን ሲታጠብ፣ ረዳቱም ጎማውን በአፉ ስቦ ነዳጅ ሲቀዳ፣ ሁለቱም የሚፈሩት እሳቱን ብቻ ነው። በቤተ ሙከራ ደግሞ የሚያሠጋው የስሕተቱ ግልባጭ ነው፤ ጠርሙሱ ላይ ቤንዚን ተብሎ ብቻ ከተጻፈ፣ አዲሱ ሠራተኛ ከነዳጅ ማደያ እንደተገዛ ቆጥሮ ዕቃ ሊያጥብበት ይችላል።

የአማርኛ ስያሜ በባለሙያዎች ስምምነት እስኪወሰን ድረስ፣ በእያንዳንዱ ጠርሙስና በርሜል ላይ የውህዱ ቀመር፣ የሚፈላበት ሙቀትና «የደም ካንሰር ያመጣል» የሚለው ቃል በጉልህ ፊደል ቢጻፍ፣ ወጪው ከአንድ ብልቃጥ ቀለም አያልፍም። ለማሟሟት ብቻ የሚፈለግ ከሆነም ብዙ ጊዜ ቶሉይን ይበቃል፤ እርሱም ቢሆን መስኮት ተከፍቶ፣ እጅም ተሸፍኖ ነው።