የኤፒ ካልኩለስ ውጤት ከመጣ በኋላ



ጁላይ ላይ የኤፒ፣ ማለትም በሃይስኩል የሚወሰደው የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት ፈተና፣ ውጤት ሲወጣ በብዙ ቤት የሚነሣው ወሬ አንድ ነው፦ ልጁ በካልኩለስ ከፍተኛውን ውጤት 5 አመጣ፣ እንግዲህ የመጀመሪያውን ኮርስ ይዝለለውና ገንዘቡም ጊዜውም ይትረፍልን። ሁለት ሥራ እየሠራ የኮሌጅ ክፍያ ለሚከፍል ወላጅ የአራት ክሬዲት ገንዘብ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ክሬዲቱ መዝለልን ይፈቅዳል እንጂ አያስገድድም።

ኤቢ የሚባለው ፈተና በግምት የኮሌጅን የመጀመሪያ ሴሚስተር ካልኩለስ ይሸፍናል፤ ቢሲ ሁለተኛውንም ይጨምራል። አቀባበሉም እንደየትምህርት ቤቱ ነው። ኮሌጅ ፓርክ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በኤቢ 4 ወይም 5 ላመጣ ለካልኩለስ 1፣ በቢሲ ላመጣ ደግሞ ለ1ም ለ2ም ክሬዲት ሲሰጥ ቆይቷል። ኤምአይቲ በኤቢ ምንም አይሰጥም፤ የሚቀበለው በቢሲ 5 ያመጣን ብቻ ነው። ስለዚህ የጎረቤት ልጅ ያገኘውን ትታችሁ የራሳችሁን ዩኒቨርሲቲ የዘንድሮ ሠንጠረዥ ተመልከቱ።

እኔን የሚያሳስበኝ ካልኩለስ 2 ነው። ኤቢን 11ኛ ክፍል ወስዶ 12ኛን በስታቲስቲክስ ያሳለፈ ልጅ ኮሌጅ ሲገባ ካልኩለስ ከነካ ከዓመት በላይ ሆኖታል። መምህሩ ግን ያለፈውን ብዙ አይከልስም፤ ቶሎ ወደ ከባድ ኢንተግራሎች፣ ከዚያም ወደ ሲሪስ ይሄዳል። የኤፒ ፈተና በከፊል ካልኩሌተር ይፈቅዳል፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ግን በካልኩለስ ፈተና ላይ ይከለክላሉ። ስኮላርሺፑ በአማካይ ውጤት ላይ ለቆመ ልጅ በመጀመሪያው ሴሚስተር የሚመጣ ዲ ከተረፈው ክሬዲት በላይ ያስከፍላል።

ታዲያ ሁሉም ይድገመው ማለቴ አይደለም። የሚያውቀውን የሚደግም ልጅ ይሰለቻል፣ ከክፍል ይቀራል፣ ኖቬምበር ላይ አዲስ ነገር ሲመጣ ሳይዘጋጅ ይደርስበታል። በአንዳንድ ቦታም ኮርሱን የደገመ የኤፒ ክሬዲቱን ያጣል።

እኔ የማምንበት መለኪያ የዩኒቨርሲቲው የራሱ ያለፈ የማጠቃለያ ፈተና ነው። የሜሪላንድ የሒሳብ ትምህርት ክፍል የቀድሞ ፈተናዎቹን ለማንም ክፍት አድርጓል። ልጁ በሰመር አንድ ጠዋት ስልኩንም ካልኩሌተሩንም አስቀምጦ ሊዘለው ያሰበውን ኮርስ ፈተና ይሥራ። በደንብ ከሠራው ያለ ፍርሃት ይለፍ። አንድ ሁለት ርዕስ ላይ ብቻ ከተቸገረ እስከ ኦገስት መጨረሻ የሚሞላው ነው። ከግማሽ በላዩ ካቃተው ያንኑ ኮርስ ይውሰድ፤ እናንተ ወላጆችም፣ እባካችሁ፣ ይህን እንደ ውርደት አታውሩበት። ቢሲ የወሰዱ ደግሞ በውጤታቸው ላይ ለብቻው የሚታየውን የኤቢ ነጥብ ይዩ፦ እሱ ከፍ ብሎ ጠቅላላው ዝቅ ካለ ክፍተቱ ያለው በሁለተኛው ሴሚስተር ትምህርት ነው።

የሚማረው መስክም ይታሰብ። ለኢንጂነሪንግ ተማሪ ቀጣዮቹ የሒሳብ ኮርሶች በዚህ መሠረት ላይ ይቆማሉ። ሕክምና ለሚያስብ፣ አንዳንድ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በኤፒ ክሬዲት ብቻ ስለማይረኩ አስቀድሞ ይጠይቅ። ሌላ መስክ ለመረጠ ግን ክሬዲቱ የሒሳብ ግዴታውን ጨርሶለት ሊሆን ይችላል።

ውጤቱ ለዩኒቨርሲቲው ፈተናውን በሚያዘጋጀው በኮሌጅ ቦርድ በኩል መላኩን ዛሬ ማታ አረጋግጡ፤ ካልደረሰ ለካልኩለስ 2 እንዳይመዘገብ ሲስተሙ ሊከለክለው ይችላል። ለኦሪየንቴሽን ሲሄድም የሠራውን ፈተና ይዞ ለአማካሪው ያሳይ።