ትንሹ ካሜራና ትልቁ ካሜራ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በተማሪዎች የቀረበ ንግግር





 የመረጥነው ርእስ ስለ ካሜራ ነው። ካሜራ የጨዋታ ዕቃ ነው የሚል ሰው በመካከላችን ቢኖር የበዓሉን መጽሔት ይግለጥና ይመልከት። ዓይኑ ከጽሑፉ ቀድሞ የሚያርፈው በፎቶግራፉ ላይ ነው። ከእኛ በፊት የተማሩት መልክ፣ የመምህራኑ አለባበስ፣ የግቢው የቀድሞ ገጽታ ለዛሬ የሚደርሰው በዚያን ቀን ካሜራ የያዘ አንድ ሰው ስለተገኘ ብቻ ነው። ያልተነሣው ግን ካዩት ሰዎች ጋር አብሮ ያልፋል።

እንግዲህ ልንናገርበት ያሰብነው ነገር ይህ ነው። ፎቶግራፍ ማንሣትን ለመማር፣ ብሎም እንጀራውን ለማግኘት የሚሻ የኢሉባቦር ወጣት የትኛውን ካሜራ ይግዛ? ለጀማሪ የተሠራውን ትንሹን ነው ወይስ ለባለሙያ የተሠራውን ትልቁን? ጥያቄው ተራ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን በመቱም ሆነ በጎሬ፣ በሁሩሙም ሆነ በያዮ ለካሜራ የሚወጣው ገንዘብ ከሰማይ የሚወርድ አይደለም። አባት በዓመት አንድ ጊዜ ለቅሞ ካደረቀው ቡና፣ እናት በገበያ ውላ ከቆጠበችው ላይ የሚነሣ ነው። በዚያው ገንዘብ ለታናሽ እኅት ደብተር፣ ለቤቱም ቆርቆሮ ሊገዛበት ይቻላል። ስለዚህ ምርጫው የአንድ ልጅ ብቻ ሳይሆን የአንድ ቤተ ሰብ ጉዳይ ነው።

በአገራችን ካሜራ በቀድሞ ዘመን በቤተ መንግሥት ይታወቅ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ ሠርቷል። ከእርሱም በኋላ ልጆቹ ሙያውን ወርሰው በተከታዮቹ ነገሥታት ዘመን ቀጥለውበታል። በዚያን ጊዜ ካሜራ ለጥቂቶች ብቻ የተፈቀደ ዕቃ ይመስል ነበር። ዛሬ ግን በብዙዎቻችን ኪስ ውስጥ ካሜራ ያለው ስልክ ይገኛል። ከስልክ አልፎ በሙያው ለመራመድ የሚፈልግ ሰው ገበያ ሲወጣ የሚያገኘው፣ ፈረንጆች ሚረርለስ የሚሉትን፣ እኛም መስተዋት አልባ ልንለው የምንችለውን ካሜራ ነው።

ስሙ ከየት እንደመጣ እንግለጽ። በቀድሞዎቹ የባለሙያ ካሜራዎች ውስጥ ከሌንሱ በስተኋላ አንድ መስተዋት ነበረ። ብርሃኑ በሌንሱ ገብቶ በመስተዋቱ ላይ ሲያርፍ ወደ ላይ ይመለስና አንሺው በሚያይበት ቀዳዳ ይወጣል። ቁልፉ ሲጫን መስተዋቱ ቀጭ ብሎ ይነሣል፤ ብርሃኑም ወደ ፊልሙ፣ ኋላም ሴንሰር ወደሚባለው ብርሃን ተቀባይ ገበታ ያልፋል። በአዲሱ ካሜራ ይህ መስተዋት የለም። ብርሃኑ በቀጥታ በሴንሰሩ ላይ ያርፋል፤ አንሺውም የሚያየው ሴንሰሩ የሚያየውን፣ በትንሽ መስኮት ላይ ነው። ሌንስ የሚቀየርለት የዚህ ዓይነት ካሜራ በሰፊው ገበያ መውጣት የጀመረው የፓናሶኒክ ጂ 1 ከተሠራበት ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። ለተማሪ ያለው ጥቅም ታላቅ ነው፤ ሥዕሉ ሊጨልም ወይም ሊነጣ እንደሆነ ቁልፉን ሳይጫን አስቀድሞ ስለሚያይ ቶሎ ይማራል።

አሁን ወደ ማወዳደሩ እንለፍ። ንግግራችን በነፋስ ላይ እንዳይቀር ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ካሜራዎችን ወስደናል። አንደኛው ካኖን በ2023 እ.ኤ.አ. ለጀማሪዎች ያወጣው አር 50 ነው። ሁለተኛው ይኸው ፋብሪካ በ2024 እ.ኤ.አ. ለባለሙያዎች ያወጣው አር 1 ነው። በአሜሪካ ገበያ ሲወጡ የትንሹ ዋጋ ያለ ሌንስ 680 ዶላር ያህል፣ የትልቁ ደግሞ 6,300 ዶላር ያህል ነበር። በብር ያልተናገርነው ምንዛሪው ስለሚለዋወጥ ነው። በአጭሩ በአንዱ ትልቅ ካሜራ ዋጋ ዘጠኝ ትንንሾች ይገዛሉ ማለት ነው።

ብዙ ሰው ካሜራ ሲገዛ በመጀመሪያ የሚጠይቀው፣ «ስንት ሜጋፒክስል ነው?» ብሎ ነው። መልሱን ስሙ። የትንሹ 24.2 ሜጋፒክስል ነው፤ የትልቁም 24.2 ሜጋፒክስል ነው። ዘጠኝ እጥፍ የሚከፈልበት ካሜራ ከርካሹ የሚበልጠው አንድ ነጥብ እንኳ የለም! በጠራ ፀሐይ፣ ከትምህርት ቤቱ ባንዲራ በታች ቆሞ የሚነሣ ተማሪ በሁለቱም ቢነሣና ፎቶግራፉ በዚህ መጽሔት ልክ ቢታተም፣ የትኛው በየትኛው እንደተነሣ ለይቶ ለማወቅ እጅግ ያስቸግራል።

ታዲያ ያ ሁሉ ገንዘብ የሚከፈለው ለምንድን ነው? የሚከፈለው ነገሩ በተበላሸ ጊዜ ነው። ብርሃን ሲጠፋ፣ ዝናብ ሲወርድ፣ ነገሩ ሲሮጥ፣ ዕቃው ሲሰበር ላለመሸነፍ የሚከፈል ዋስትና ነው። አንድ በአንድ እንየው።

አንደኛ፣ ብርሃን። የትልቁ ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር ሲሆን የትንሹ 22.3 በ14.9 ሚሊ ሜትር ነው። በስፋት ሲሰላ ትልቁ 2.6 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ሰፊ ጣራ ብዙ ዝናብ እንደሚሰበስብ ሁሉ ሰፊ ሴንሰርም ብዙ ብርሃን ይሰበስባል። ስለዚህ በጨለማ የትልቁ ሥዕል ጥራቱን ይጠብቃል፤ የትንሹ ግን አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል።

ሁለተኛ፣ ፍጥነት። ትንሹ በአንድ ሴኮንድ እስከ 15፣ ትልቁ እስከ 40 ፎቶግራፍ ያነሣል። ከዚህም በላይ ትንሹ በኤሌክትሮኒክ መዝጊያ ሲያነሣ ሥዕሉን ከላይ ወደ ታች ዘግየት ብሎ ስለሚያነበው የሚጋልብ ፈረስ ወይም የተለጋ ኳስ ተንጋዶ ሊወጣ ይችላል። በትልቁ ይህ ጉድለት ከሞላ ጎደል ጠፍቷል።

ሦስተኛ፣ ጥንካሬ። ትልቁ ውሃና አቧራ እንዳይገባበት በየመገጣጠሚያው ተደፍኗል። ለትንሹ ይህ አልተደረገለትም። ኢሉባቦር በዝናቡ የታወቀ አገር መሆኑን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብናል። በሶር ፏፏቴ ሥር ቆሞ የሚያነሣ ሰው ሰማዩ ቢጠራ እንኳ በፏፏቴው ርጭት መረጠቡ አይቀርም።

አራተኛ፣ እጅ ሲንቀጠቀጥ። በትልቁ ውስጥ ሴንሰሩ ራሱ የእጁን መንቀጥቀጥ እየተከተለ ያስተካክላል። በትንሹ ግን ይህ ሥራ የተተወው ለሌንሱ ነው፤ ሁሉም ሌንስ ደግሞ ይህን አያደርግም።

አምስተኛ፣ የሥዕሉ ማኖሪያ። ትልቁ ሁለት ካርድ ስለሚይዝ አንዱን ፎቶግራፍ በሁለቱም ላይ ሊጽፍ ይችላል። አንዱ ካርድ ቢበላሽ ሌላው አለ። ትንሹ አንድ ካርድ ብቻ ይይዛል። የሙሽሮች ፎቶግራፍ በአንድ ካርድ ላይ ጠፍቶ ቢቀር ሠርጉ ሁለተኛ አይደገስም።

እነዚህ ልዩነቶች እውነተኛ ናቸው፤ አናቃልላቸውም። አትሌት አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. በሮም ማራቶን ሲያሸንፍ ሩጫው የተፈጸመው ከጨለመ በኋላ ነበር። በኮንስታንቲን ቅስት ዘንድ በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሲገባ፣ በዚያ ቆሞ ካሜራ የያዘ ሰው፣ «እንደገና ሩጥልኝ» ሊለው አይችልም። ጨለማና ፍጥነት በአንድ ላይ የገጠሙት ሰው፣ ጋዜጣውም በዚያው ሌሊት ሥዕሉን የሚጠብቅበት ሰው፣ ትልቁን ካሜራ ቢይዝ ተገቢ ነው። ትልቁ ካሜራ የተሠራው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው።

አሁን ግን ብዙ ሰው ልብ ወደማይለው ነገር እንመለስ፤ እርሱም ሌንስ ነው። ከትንሹ ካሜራ ጋር አብሮ የሚሸጠው ሌንስ፣ በረጅሙ ጫፉ ሲያነሣ ቀዳዳው ኤፍ 6.3 ነው። ይኸው ፋብሪካ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ሌላ ትንሽ ሌንስ አለው፤ ክብደቱ 160 ግራም፣ ሲወጣ ዋጋው 200 ዶላር፣ ቀዳዳው ኤፍ 1.8 ነው። የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። የሁለቱን ቁጥር ብታካፍሉና ውጤቱን በራሱ ብታባዙት፣ ሁለተኛው ሌንስ 12 እጥፍ ያህል ብርሃን እንደሚያስገባ ታገኛላችሁ። የሒሳብ መምህሮቻችን ይመስክሩልን! የሴንሰሩ ስፋት የሚጨምረው 2.6 ጊዜ ነው፤ የ200 ዶላሩ ሌንስ ግን 12 ጊዜ። እርግጥ ሌንሱ በትልቁም ካሜራ ላይ ቢገባ ትልቁ አሁንም ይበልጣል። ነገር ግን ቡና በሚፈላበት ጠቆር ያለ ቤት ውስጥ የአያቱን ፊት ለማንሣት የሚፈልግ ልጅ የሚያስፈልገውን ብርሃን በዚህ ሌንስ ያገኛል።

የዚህንም ሌንስ ጉድለት እንናገር። አያቀርብም፣ አያርቅም፤ የሚያቀርበውና የሚያርቀው የአንሺው እግር ነው። በትንሹ ካሜራ ላይ ሲገባ እይታው ስለሚጠብ ለፊት ሥዕል እንጂ ክፍሉን ሙሉ ተማሪ በአንድ ጊዜ ለማንሣት አይመችም፤ ለዚያ የመጀመሪያው ሌንስ ይሻላል። መንቀጥቀጥንም አያስተካክልም። ስለዚህ ሰውን ሲያነሡ የመዝጊያው ፍጥነት ከሴኮንድ 125ኛ እጅ እንዳይዘገይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ሌላም የሚያጽናና ነገር አለ። የሁለቱ ካሜራዎች የሌንስ መግጠሚያ አንድ ዓይነት ነው። ዛሬ ለትንሹ የተገዛው የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነገ ትልቁ ሲገዛ አይጣልም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው በትንሹ ጀምሮ ማደግ ይቻላል።

የቀረውን ጉድለት ዘዴና ትጋት ይሞሉታል። ለዝናቡ አንድ ንጹሕ ፌስታልና ጃንጥላ የሚይዝ ጓደኛ፤ ለካርዱ መጥፋት ሁለት አነስተኛ ካርዶች ይዞ በግብዣው አጋማሽ መለዋወጥ፣ ማታውኑም ሥዕሉን በሁለት ቦታ መገልበጥ፤ ለእጅ መንቀጥቀጥ ሦስት እግር መቆሚያ ወይም የግድግዳ ድጋፍ። በያዮ የቡና ደን ጥላ ውስጥ ጉሬዛ ለማንሣት ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ ትዕግሥት ነው። ይህ ደን በ2010 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሲሆን፣ ከሩቅ አገር መጥተው ከሚያነሡት እንግዶች ይልቅ ጧት ማታ በአጠገቡ የምናልፍ እኛ ልናነሣው ይቀርበናል።

ለወላጆቻችን የምንለው ይህ ነው። ልጃችሁ ትልቁን ካሜራ ካልገዛችሁልኝ ፎቶግራፍ አንሺ አልሆንም ቢላችሁ አትደንግጡ። ትንሹን ካሜራ ከሌንሱ ጋርና የ50 ሚሊ ሜትሩን ሌንስ ጨምራችሁ ብትገዙለት በወጣበት ዋጋ ሲታሰብ ወደ 1,000 ዶላር ይመጣል፤ ይህ ሌንስ ያልተጨመረበት ትልቁ ካሜራ ከሚጠይቀው አንድ ስድስተኛ እንኳ አይሞላም። አንድ ዓመት ሙሉ ይሥራበት። ከዚያ በኋላ ካሜራው የትኛውን ሥራ እንዳቃተው ለይቶ ቢነግራችሁ፣ ይኸውም በጨለማ ወይም በዝናብ ወይም በፍጥነት ምክንያት ያመለጠውን የተከፈለበት ሥራ ቆጥሮ ቢያሳያችሁ፣ ያን ጊዜ ልመናው ተገቢ ነው። ለአንድ ትልቅ ሠርግ ብቻ ካስፈለገውም ትልቁን ለቀኑ መከራየት ከመግዛት ይቀላል።

ለመምህሮቻችንም አንድ ቃል አለን። ትምህርት ቤት ካሜራ ለመግዛት ቢያስብ አንዱን ውድ ካሜራ ገዝቶ በዕቃ ግምጃ ቤት ከሚቆልፍበት፣ በዋጋው ጥቂት ትንንሾችን ገዝቶ በተማሪ እጅ ቢያውላቸው ይሻላል። እጅግ ውድ የሆነ ዕቃ ይፈራል፤ የሚፈራ ዕቃ ደግሞ አያስተምርም። 1,115 ግራም የሚመዝነው በመደርደሪያ ላይ ሲቀር 375 ግራም የሚመዝነው በተማሪ አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ገበያው፣ ወደ ቡናው ለቀማ፣ ወደ ሽማግሌዎቹ ደጃፍ ይሄዳል።

ለእኅቶቻችን ደግሞ፣ ይህ ሙያ የወንድ ነው የሚላችሁ ቢኖር አይዳ ሙሉነህን አስታውሱ። ይህች ኢትዮጵያዊት ፎቶግራፍ አንሺ በ2010 እ.ኤ.አ. አዲስ ፎቶ ፌስትን መሥርታ የአፍሪካንና የዓለምን ፎቶግራፍ አንሺዎች በአዲስ አበባ አሰባስባለች።

ክቡራንና ክቡራት፤ ወደፊት ከእኛ በኋላ የሚማሩ ልጆች ይህን መጽሔት ሲገልጡ ካሜራው ስንት ዶላር እንደወጣበት አይጠይቁም። የሚጠይቁት፣ «እነዚህ እነማን ነበሩ? ምን ይሠሩ ነበር? ከተማው ምን ይመስል ነበር?» ብለው ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው በጊዜው የተነሣ ፎቶግራፍ ነው። ስለዚህ ትልቁን እየተመኘን እጃችንን አጣጥፈን ከምንቀመጥ፣ ትንሹን ይዘን ዛሬውኑ እንውጣ።