ቫይረስና ትል

በየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር በታወከ ቁጥር «ቫይረስ ገባበት» ማለት ተለምዷል። ነገር ግን ቫይረስና ትል የሚባሉት ጥፋተኞች ጠባያቸው ልዩ ልዩ ነው።

ቫይረስ በሌላ ፋይል ወይም ፕሮግራም ላይ ተጣብቆ የሚኖር ጥገኛ ነው፤ አስጠጊው ካልተከፈተ በቀር አይነሣም። ትል ግን ራሱን የቻለ ፕሮግራም ነው፤ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያልተደፈነ ቀዳዳ ካገኘ፥ ማንም ሳይከፍትለት በኔትዎርክ ከአንዱ ወደ ሌላው ሊሻገር ይችላል።

ለዚህም በግንቦት ወር 2009 ዓ.ም. የተነሣው ዋናክራይ የተባለው ትል ምስክር ነው። በ150 ያህል አገሮች የብዙ ኮምፒዩተሮችን ፋይሎች ቆልፎ ገንዘብ ጠየቀ፤ በእንግሊዝ አገርም ሆስፒታሎች የሕሙማንን ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። የሚያሳዝነው ግን፥ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማሻሻያ ያወጣው ከሁለት ወር በፊት፥ በመጋቢት ነበር።

እንግዲህ ከቫይረስ ለመጠበቅ ምንጩ ያልታወቀ ፋይል አለመክፈት ትልቅ ነገር ነው። ለትል ግን ይህ ብቻ አይበቃም፤ ማሻሻያውን በጊዜው መጫን ያስፈልጋል። «እኔ ምንም አልከፈትሁም» ብሎ ማሻሻያውን ለነገ የሚያሳድር ሠራተኛ፥ የፊት በሩን ቆልፎ የፈረሰውን የጓሮ አጥር ሳያጥር የሚተኛን ባለቤት ይመስላል። ስሙን ለይቶ ማወቅ የሚጠቅመው፥ መከላከያውም የተለየ ስለ ሆነ ነው።